ወደ ወንዙ የሚያየው አንቴና

ከአሶሳ ወደ መንጌ የሚወስደውን መንገድ ለሁለት ዓመት ያህል የማውቀው በወረቀት ብቻ ነበር። ሥራዬ አሶሳ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ በአካባቢው ያሉትን የሞባይል ታወሮች መከታተል ነው። የትኛው እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደጠፋ፣ የትኛው ጀነሬተር ናፍጣ እንደጨረሰ ኮምፒውተሬ ላይ አያለሁ። ናፍጣ ሊያልቅ ሲል ማዘዣ እጽፋለሁ። ሾፌራችን ማዘዣውን ይቀበሉና በርሜሎቹንና ጀሪካኖቹን ፒክአፑ ላይ አስጭነው ይሄዳሉ። መሄዳቸውን በፊርማቸው፣ መድረሳቸውን ደግሞ የናፍጣው ልክ ከፍ ሲል አውቃለሁ። በመሃል ያለውን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን የመንጌው ታወር ባትሪዎች አስቸገሩና አብሬያቸው ሄድኩ።

ሾፌራችን ጢማቸው የሸበተ፣ ዝምተኛ የበርታ ሰው ናቸው። አማርኛ የተማሩት ከጎለመሱ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም፣ እኔን ሴቷንም ጭምር፣ «አንተ» ነው የሚሉት። እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። አባቴ ከወሎ መጥተው ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ የሰፈራ መንደር ነው የወለዱኝ፤ እዚያው አድጌ ከበርታኛ የማውቀው ሰላምታ ብቻ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳፍረኛል። ስለዚህ የምንግባባው በእሳቸው አማርኛ ነው።

ከአሶሳ ወጥተን አንድ ሰዓት ያህል እንደተጓዝን መንገዱ ላይ ግንድ ተጋድሞ አየን። ሾፌሩ ቀስ ብለው አቆሙ። ከቀርከሃው ውስጥ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ወጡ፤ አንዱ ሸሚዝ፣ ሌላው የወታደር ኮት ለብሷል። ማን እንደሆኑ ያን ቀንም አላወቅኩም፣ ዛሬም አላውቅም።

«ቀና አትበል» አሉኝ ሾፌሩ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። «እጅህን እዚህ አድርግ።»

እጆቼን ዳሽቦርዱ ላይ አኖርኩ። ከሰዎቹ አንዱ በእኔ በኩል መጥቶ የጠመንጃውን አፈሙዝ መስኮቱ ላይ አሳረፈው። ብረቱ መስታወቱን ሲነካ ያሰማትን ትንሽ ድምፅ እስካሁን እሰማታለሁ። የታፋዬ ሥጋ በራሱ ጊዜ ይዘል ጀመር፤ እንዲያቆም ብጫነውም አላቆም አለ። ሾፌሩ ወርደው በለሰለሰ ድምፅ ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ሰዎቹ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ አወረዱና ግንዱን አነሡልን።

ጥቂት ከሄድን በኋላ ሾፌሩ መኪናውን አቆሙ። ወርደው ከኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አሉና ፊታቸው ላይ ውሃ አፈሰሱ። ጀርባቸውን ስለሰጡኝ ፊታቸውን አላየሁም፤ ከጠርሙሱ የወጣው ውሃ ግን ግማሹ ፊታቸውን ስቶ መሬት ላይ ሲፈስ አይቻለሁ።

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«ሁልጊዜ አይደለም» አሉ። «አንዳንዴ ነው።»

ለሁለት ዓመት ማዘዣ ጽፌያለሁ። ከእነዚያ ማዘዣዎች ውስጥ የትኞቹ ናቸው «አንዳንዴ» የሆኑት? አንድም ቀን አልነገሩኝም። ከዚያ ወዲህ ማዘዣ ልጽፍ ስቀመጥ ያ አፈሙዝ መስኮቴ ላይ ያለ ይመስለኝ ጀመር። አንዳንዴ ሰበብ እፈልግና ለነገ አሳድረዋለሁ። ባሳድረው ግን ናፍጣው ያልቃል፣ ታወሩ ይጠፋል፣ አለቃዬ ይጠራኛል። ሾፌሩም መሄዳቸው አይቀርም።

እንግዲህ አሁን የምተርከውን ሥራ የጀመርኩት ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ነው። በኋላ ሰዎች ሲያመሰግኑኝ ለመሥሪያ ቤቱ ወጪ ተቆርቁሬ ያደረግኩት መሰላቸው። እኔ የፈለግኩት መኪናው እንዲቀር ነበር።

የመንጌው ታወር አናት ላይ በሦስት አቅጣጫ የሚያዩ አንቴናዎች አሉ። አንደኛው ወደ ከተማው፣ ሁለተኛው ወደ አሶሳ መንገድ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰዎች ወርቅ ወደሚያጥቡበት ወንዝ ያያል። ሦስቱም ሰው ቢኖርም ባይኖርም ሞገድ ሲረጩ ይውላሉ፤ ማንም ሳይደውል ጀነሬተሩ ናፍጣ ይበላል። ሞገዱ ራሱ ደግሞ ከናፍጣ የማያንስ ውድ ነገር ነው። ለአንድ ታወር የተሰጠው የሞገድ ድርሻ ልክ አለው፤ እንደ መስኖ ውሃ ለአንዱ ማሳ ሲለቁት ከሌላው ይቀንሳል። ወንዝ ዳር ለማንም የተለቀቀው ሞገድ ከተማው ላይ ሰው ተጨናንቆ ኢንተርኔት ሲንቀረፈፍ ዝም ብሎ ይፈስሳል።

ለሳምንታት የሦስቱን አንቴናዎች ቁጥር ሳገላብጥ ከረምኩ። የወንዙ በኩል ቀን ላይ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ዓርብ ቀትር ላይ፣ ሰው ጁምዓ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል። የኔትወርክ ሽፋን ካርታውን ሳየው፣ የከተማው አንቴና በጥቂቱ እስከ ወንዙ ይደርሳል ብሎ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶታል። ስለዚህ እንዲህ አደረግኩ፦ የወንዙ አንቴና ተጠቃሚዎቹ ከሦስት ሲያንሱ በራሱ ይተኛል፤ የቀሩትን የከተማው ይይዛቸዋል፤ የሞገድ ድርሻውን ለከተማው አንቴና ያስረክባል፤ በከተማው አንቴና በኩል ከወንዙ የሚደውል ሰው ሲበዛ ደግሞ ይነቃል።

ሠራ። የከተማው ሰው ኔትወርኩ ፈጠነልን አለ። ጀነሬተሩ ማረፍ ጀመረ፤ ሶላሩና ባትሪው ብዙውን ሰዓት ቻሉት። በወር ሁለት ጊዜ ይሄድ የነበረው ናፍጣ አንድ ጊዜ ሆነ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ አስነሥቶ አስጨበጨበልኝ። ሾፌሩ ደግሞ አንድ ጠዋት ቢሮዬ መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ማር አስቀመጡ።

«ሚስቴ ነው የላከልህ» አሉ። «አሁን ቤት ብዙ እሆናለሁ። ወላሂ፣ ደስ ብሎታል።»

እስከ ዛሬ ከተቀበልኳቸው ስጦታዎች እንደ እሱ ያስደሰተኝ የለም።

ሥራውን በዓይኔ ለማየት ሁለተኛ ጊዜ ወደ መንጌ የሄድኩት አንድ ዓርብ ነው። በመንገድ ላይ ከእያንዳንዱ ጥምዝ በፊት ትንፋሼን ስይዝ ነበር፤ ምንም አላጋጠመንም። ስንደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሆኗል። ሾፌሩ እጅና እግራቸውን ታጥበው ወደ መስጊድ ሄዱ። እኔ ታወሩ ግቢ ውስጥ ከዘበኛው ጋር ቀረሁ። ተቀያሪው ስላልመጣለት ምንጣፉን ከዛፉ ሥር አንጥፎ እዚያው ሊሰግድ ተዘጋጅቷል።

ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። የከተማው ቁጥር ቀስ በቀስ ወረደ። የወንዙ ወደ አራት፣ ወደ ሁለት ዝቅ አለና መስመሩ ከአረንጓዴ ወደ ግራጫ ተቀየረ። ተኛ። ጀነሬተሩም ትንሽ አጓርቶ ጸጥ አለ። ያቺን ጸጥታ ወደድኳት። ዘበኛው በግንባሩ ሲደፋ፣ ርግቦች ጣሪያው ላይ ሲራመዱ ይሰማ ነበር። የሠራሁት ሥራ በጆሮ የሚሰማ ነገር ሆነ ብዬ ለራሴ ፈገግ አልኩ።

ዘበኛው ሶላቱንና ረጅም ዱዓውን ጨርሶ ምንጣፉን ሲጠቀልል የቆርቆሮው በር ተደበደበ። ከፈተ። አንዲት ሴት ነበረች። እስከ ጉልበቷ ቀይ ጭቃ ነው፤ ነጠላዋ ወገቧ ላይ ታስሯል፤ በቀኝ እጇ ትንሽዬ ስልክ ጨብጣለች። በሩን ተደግፋ መተንፈስ አቃታት። ከዚያ በበርታኛ እየተቆራረጠች ተናገረች፤ የዘበኛው ፊት ሲለዋወጥ አየሁ።

«ምን አለች?»

«የወርቁ ጉድጓድ ተደርምሷል» አለኝ። «የእህቷ ባል ውስጥ ነው። ለጁምዓ ሳልወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ልቆፍር ብሎ ገባ። ወንዶቹ ሁሉ መስጊድ መጥተዋል፤ እዚያ ያሉት ሴቶች ናቸው። በገበቴና በእጃቸው እየጫሩ ነው።»

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። መኪና ይዤ መምጣቴን ከበር አይታለች። ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«ስልክ እምቢ አለ» አለች በአማርኛ። «ደወልኩ፣ ደወልኩ፣ እምቢ አለ። ኔትወርክ የለም። ሁልጊዜ አለ እኮ! ዛሬ የለም። ሮጥኩ።»

ላፕቶፑ አሁንም ጉልበቴ ላይ ነበር። ግራጫው መስመር ዓይኔ ሥር ነው። ካርታው ላይ የተቀባው አረንጓዴ፣ ካርታው ያልቆጠረው በወንዙና በከተማው መካከል ያለ ጉብታ፣ ሁለቱ የመጨረሻ ስልኮች፣ ሁሉም ባንዴ መጡብኝ። ወንዝ ዳር ያለ ሰው የተኛውን አንቴና ሊቀሰቅሰው አይችልም፤ ለመቀስቀስ መጀመሪያ የሚሰማው አንቴና ያስፈልገዋል። ይህን አንድ ልጅ እንኳ ቢጠየቅ ይመልሰዋል። እኔ አላሰብኩትም።

ጣቶቼ እየተሳሳቱብኝ አንቴናውን ቀሰቀስኩት። ሰዓቱ ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር። ጀነሬተሩ ተነሣና ግቢው በጩኸት ተሞላ።

ከዚያ ሁሉም በሩጫ ሆነ። ዘበኛው መስጊዱ በር ላይ ደርሶ ሲጣራ ሰዉ ሶላቱን ጨርሶ እየወጣ ነበር። ጫማውን በእጁ ይዞ የሮጠ አለ፤ አካፋ፣ ዶማ፣ ገመድ የያዘ አለ። ፒክአፑ ኋላ ላይ የወጣውን ሰው ቁጥር አላውቅም። ሾፌሩ ሞተር አስነሥተው ወደ እኔ አዩ።

«አንተ እዚህ ሁን» አሉ።

«እመጣለሁ» አልኩ።

ሴትየዋ በእኔና በሾፌሩ መካከል ተቀመጠች። ክንዷ ክንዴን ይነካል፤ ጭቃው ገና እርጥብ ነው። በየጥቂቱ ስልኳን ወደ ጆሮዋ ታስጠጋለች። ጉብታውን እንዳለፍን ስልኩ ጠራ። እህቷ ናት ከወንዙ የደወለችው። ሴትየዋ ያን ድምፅ ስትሰማ ወደ ስልኩ ማያ አየች፤ ቀጥሎ ወደ እኔ።

«አሁን ይሠራል» አለች። ነገሩ ገርሟት ነው እንጂ አንዳች ጠርጥራ አይደለም። እኔ ግን ወንጀሌ ግንባሬ ላይ የተጻፈ መሰለኝ፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

መኪናው መሄድ የሚችለው ከወንዙ በላይ እስካለው ሾላ ዛፍ ድረስ ነው፤ ከዚያ በእግር ወረድን። ጉድጓዱ የነበረበት ቦታ አዲስ የተገለበጠ ቀይ አፈር ሆኖ ጠበቀን። ስድስት ሰባት ሴቶች ዙሪያውን ተንበርክከው ይጭራሉ። የእህትየዋ ጣቶች ደምተው ነበር። ወንዶቹ ደርሰው አካፋ ሲያነሡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ጮኹ፤ ሁሉም ቆመ።

«ምን አሉ?» አልኳቸው ሾፌሩን።

«በአካፋ ብትመቱ ራሱን ትመታላችሁ አለ። በእጅ።»

በእጅ ሆነ። እኔም ተንበረከኩ። አፈሩ ቀዝቃዛና ከባድ ነበር፤ አንድ እፍኝ ስናወጣ ሁለት እፍኝ ከላይ ይንሸራተታል። እንዳለቀስኩ አላውቅም ነበር፤ ሾፌሩ ናቸው በኋላ የነገሩኝ። እኔ የማስታውሰው ልመናዬን ነው። ስለ ሰውየው መለመን ነበረብኝ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ስለ ራሴ ነበር የለመንኩት። «ከሞተ እኔ ነኝ፤ አይሙት» እያልኩ ነበር የምቆፍረው።

መጀመሪያ የታየው ጸጉር ነው። ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ አፍንጫ። ሲደረመስ አንድ የድጋፍ እንጨት በአግድም ወድቆ ፊቱ ፊት ለፊት ትንሽ ክፍተት ትቶለት ኖሮ በአፈር አልታፈነም። አንድ ጎልማሳ ጣቱን አስገብቶ አፉን ጠረገለት። ሰውየው ሳል ሳለ።

ያ ሳል ሲሰማ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔ ግን እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን አውጥቼ ጤና ጣቢያ ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ ነርሷ አነሣች። ሁለተኛው ጥሪ ላይ! ቀደም ሲል ጉድጓዱ ዘንድ ኔትወርክ ቢኖር ኖሮ ያኔም ታነሣ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «ሰው ሁሉ መስጊድ ነበር፤ ቢደወልም ማንም አይመልስም ነበር» እያልኩ የምይዘው አንድ ገለባ ነበረኝ። እሱም ከእጄ ወጣ።

የሰውየው ግራ እግር ከሥር በድንጋይ ተጨፍልቆ ነበር። ለማውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀ። አምቡላንሱ ከሾላው ሥር ጠብቆ ወደ አሶሳ ወሰደው።

ቅዳሜንና እሑድን ቤቴ ውስጥ አሳለፍኩ። ስልክ በጮኸ ቁጥር «ሞተ» ሊሉኝ ነው እያልኩ እደነግጥ ነበር። ሰኞ ቢሮ ገብቼ የታወሩን መዝገብ ለመክፈት እስከ ረፋድ አልደፈርኩም። ከፈትኩት። አንቴናው የተኛው ስድስት ሰዓት ከአርባ ሲሆን ነው። ሴትየዋ ጉድጓዱ የተደረመሰው አዛኑ ካለቀ ጥቂት ቆይቶ ነው ብላለች፤ ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ ጀምሮ አንቴናውን እስከ ቀሰቀስኩበት ያለውን ደቂቃ በጣቴ ቆጠርኩ። እግሩ ከድንጋይ ሥር የቆየበት ጊዜ ነው።

መዝገቡን አትሜ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። ሁለት ጊዜ አነበበውና በሩን ዘጋ።

«ማን ያውቃል ይሄን?» አለ።

«እኔና አንተ።»

«እንግዲህ ስሚኝ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ባዶ አካባቢ ነው የሚለው እኮ።»

«ባዶ አልነበረም።»

«ቁጥሩ ባዶ ነው ይላል!» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ናፍጣ አልቆ ጠፋ ብለሽ ጻፊ። ናፍጣ ስንት ጊዜ ያልቃል! ማንም አይጠይቅሽም። አለበለዚያ አንቺንም ሥራሽንም ነው የሚበሉት፤ እኔንም ጭምር።»

ወረቀቱን መለሰልኝ። ወጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩና ፎርሙን ከፈትኩ። «ምክንያት» የሚለው ሣጥን ባዶ ነው። ሁለት ቃል ብቻ መጻፍ ነበር የሚጠበቅብኝ፦ ናፍጣ አለቀ። ብጽፈው ደግሞ የሚጠየቁት ናፍጣ አመላላሹ፣ ሾፌሩ እንደሚሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ግቢ ወጣሁ። ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ገብተው አንድ ነገር ያጠብቃሉ። እግራቸው ብቻ ነው የሚታየው። ለዚያ ለእግራቸው ሁሉንም ነገርኩት። አንቴናውን እንዴት እንዳስተኛሁት፣ ለምን እንዳስተኛሁት፣ አፈሙዙን፣ ማዘዣውን፣ አለቃዬ ያለውን።

ከሥር ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ለእኔ ብለህ ነው?» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«እኔን አልጠየቅህም» አሉ። ተቆጥተው አልነበረም። «እኔ ወንዙ ጋር ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የአጎቴ ልጆች እዚያ ነው የሚሠሩ። ብትጠይቅ እነግርህ ነበር። አሁን ሆስፒታል ሂድና ንገር።»

«እፈራለሁ።»

«ፍራ። እየፈራህ ሂድ። እኔም እየፈራሁ ነው የምነዳ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አብረውኝ ሄዱ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደ መውጫው ዞሬ ተመለስኩ። ሰውየው እግሩ ከጉልበት በታች ተቆርጦ ተኝቷል። ያቺ የሮጠችው ሴት አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ስታየኝ ፊቷ በራ። የቆፈርኩትን አስታውሳ ብርቱካኑን ከፍላ ሰጠችኝ። ልቀበላትም እምቢም ልላት አልቻልኩም።

ሾፌሩ እያስተረጎሙልኝ ነገርኳት። «ናፍጣ ለመቆጠብ ብዬ ያንን ሰዓት አንቴናው እንዲተኛ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ብርቱካኑ እጄ ውስጥ ይጨመቃል፤ ጭማቂው በክንዴ ይወርዳል። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ትመታኛለች ብዬም አስቤ ነበር፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እሷ ግን ግራ ገብቷት ሾፌሩን መልሳ መላልሳ ጠየቀች።

«ታወር ይተኛል ወይ? ነው የምትለው» አሉ ሾፌሩ።

«ይተኛል።»

ሴትየዋ ቢላዋውን አስቀመጠች። ቀጥታ በአማርኛ ተናገረችኝ።

«ለምን አልነገራችሁንም?» አለች። «እኛ ጉድጓድ ስንገባ አንድ ሰው ከላይ ስልክ ይዞ ይቆማል። ሁልጊዜ። አሁን ተኝቷል ብትሉን እኛም አንገባም ነበር። እንቀመጥ ነበር። ለምን አልነገራችሁን?»

አልጋው ላይ ያለው ሰው ዓይኑን ከድኖ ነበር፤ የተኛ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሲሰማ ኖሯል። አንድ ነገር አለ፤ ሾፌሩ ግን አልተረጎሙልኝም። ከወጣን በኋላ ደጋግሜ ጠየቅኳቸው። «ለአንተ አይደለም፤ ለእግሩ ነው የተናገረው» ብለው ወደ መኪናው ሄዱ። እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ፎርሙ ላይ የሆነውን እንዳለ ጻፍኩ። ተጠየቅኩ፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ሁለት ወር ሙሉ የስንብት ደብዳቤ ስጠብቅ ቆየሁ፤ አልመጣም። አለቃዬ ለብዙ ጊዜ ሰላምታ ነፈገኝ። ሰውየው ከሆስፒታል ወጥቶ በክራንች ይሄዳል። ወንዝ ዳር አይወርድም፤ መንጌ ገበያ ላይ ጨውና ባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። ባገኘው ሰላም ይለኛል፤ ከዚያ በላይ አላወራኝም። ልክ ነው።

ማስተኛቱን ጨርሶ አልተውኩትም፤ ብተወው መኪናው እንደገና በወር ሁለቴ ሊወጣ ነው። ሌላ መንገድ ፈለግኩ። አንቴናው ሁለት ዓይነት ሞገድ ይይዛል። አንዱ ብዙ የሚሸከም ግን ሩቅ የማይሄድ ነው፤ ናፍጣውን የሚበላው ይሄ ነው። ሌላው ትንሽ የሚሸከም፣ ግን ጉብታና ጥግ አልፎ የሚደርስ ነው። የመጀመሪያው ብቻ ይተኛ፣ ሁለተኛው በቀጭኑ ሌት ተቀን ይንቃ አልኩ። ኢንተርኔት አይከፍትም፤ ድምፅ ግን ያደርሳል። ቁጠባው አነሰ፤ መኪናው በወር አንዴ ይበቃው የነበረው አሁን አንዳንድ ወር ሁለቴ ይሄዳል። ሾፌሩ ማዘዣውን ሲቀበሉኝ ዓይናቸውን አላያቸውም።

በዚህ ጊዜ ካርታውን አላመንኩም። ከመሠራቱ በፊት መንጌ ሄጄ ያቺን ሴት አገኘኋትና ሥራ የሚሠሩበትን ቦታ ሁሉ በእግር አሳይኝ አልኳት። ለማሰብ ጊዜ ወሰደች። «ና» አለችኝ፤ እሷም እንደ ሾፌሩ ነው የምትጠራኝ።

በቀትር ትልቁን ሞገድ አስተኝቼ ወረድን። ስልኬን ፊቴ አድርጌ ነበር የምራመደው። ጉብታውን ስናልፍ የኔትወርኩ ምልክት ከአራት ወደ ሁለት ወረደ። ሾላው ጋ አንድ ሆነ። የድሮው ጉድጓድ በእሾህ ታጥሯል፤ በዚያ ስናልፍ ሴትየዋ ፊቷን አላዞረችም። ከእሱ በታች አዲስ ጉድጓድ አለ፤ አፉ ላይ አራት ሴቶች ከነገበቴያቸው ተቀምጠዋል። ምልክቱ አንድ እንደሆነ ቀረ።

«ደውይ» አልኳት።

ታወሩ ግቢ ላለው ዘበኛ ደወለች። ዝም አለ። እስኪጠራ ድረስ ያለፈችው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነች አላውቅም። ከዚያ ጠራ፤ ዘበኛውም አነሣ። ድምፁ ሩቅ ቢሆንም ይሰማል።

ሴትየዋ ስልኩን ዘጋችና ከሴቶቹ ለአንዷ አቀበለቻት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። መውረጃው እንጨት ላይ እግሯን ስታሳርፍ ክንዷን ያዝኳት።

«ዛሬ አትግቢ» አልኳት። «እስኪ አንድ ሁለት ቀን ልየው።»

እጄን ቀስ ብላ ከክንዷ ላይ አነሣች።

«ልጆች አሉኝ» አለች። «አንተ ያንን አይ። እኔ ይሄን እሠራለሁ።»

ወረደች። መጀመሪያ ጉልበቷ፣ ከዚያ ትከሻዋ፣ ከዚያ የራስ ጨርቋ ከመሬት በታች ሆነ። ከሥር የዶማ ድምፅ መጣ። እኔ ስልኬ ላይ ያለችውን አንዷን የኔትወርክ መስመር እያየሁ እዚያው ቆምኩ። እስክትወጣ ድረስም ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም።